ጠይም ፊትና ብርሃን፦ የፎቶ ቤት መብራት አመራረጥ ታሪክ

ከአዲስ አበባ እስከ ሞምባሳ፣ ከጅቡቲ እስከ ዛንዚባር ባሉ ከተሞች፣ ዕድሜ በጠገቡ ቤቶች ሳሎን ውስጥ ሁለት ዓይነት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ማየት የተለመደ ነው። አንደኛው በ1950ዎቹ ወይም በ1960ዎቹ በፎቶ ቤት ውስጥ የተነሳ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። አያት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ይታያሉ፤ የፊታቸው መስመር፣ የዓይናቸው ብሌን፣ የልብሳቸው እጥፋት አንድ በአንድ ይለያል። ሁለተኛው ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተነሳ ባለ ቀለም የሠርግ ፎቶ ነው። በዚህኛው የሙሽራዋ ቀሚስ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ የአጃቢዎቹ ጥርስና የዓይናቸው ነጭ ጎልቶ ይታያል፤ ፊታቸው ግን ግንባርና ጉንጭ ላይ ብቻ አብርቶ የቀረው በጥላ ተውጧል። እንግዳ ሲመጣ «ይቺ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። የቤቱ ሰው በስም ይነግረዋል እንጂ ፎቶው ራሱ አይነግረውም።

በሁለቱ ምስሎች መካከል ባለው ጊዜ ካሜራው ተሻሽሏል፤ ሌንሱ ጠርቷል፤ ፊልሙ ፈጥኗል። ታዲያ ፊቱ ለምን ጠፋ? ከመልሱ የሚበዛው ካሜራው ውስጥ ሳይሆን ከካሜራው አጠገብ ከቆመው መብራት ዘንድ ይገኛል። ፎቶ አንሺው የሚመርጠው መብራት ማን በግልጽ እንደሚታይ፣ ማን ደግሞ እንደሚደበዝዝ ይወስናል። የዚህም ምርጫ ታሪክ፣ ከዚህ በታች በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደተመለከተው፣ ከአንድ መቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው።

«ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙም «በብርሃን መጻፍ» ማለት ነው። አማርኛ ስሙን ተውሶ ሲያበቃ ድርጊቱን በራሱ ግስ «ማንሳት» ብሎታል። የሰውን መልክ ለመግለጽ ግን ከማንም መዋስ አላስፈለገውም፤ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ጥቁር እያለ ለይቶ ይጠራል። ከእነዚህ ስሞች በሁለቱ ውስጥ «ቀይ» መግባቱ ለዓይን ታማኝ የሆነ አጠራር ነው። ቡናማ ቆዳ ካረፈበት ብርሃን ውስጥ አብልጦ የሚመልሰው ቀዩን ክፍል ነው፤ ሰማያዊውን በአብዛኛው ውጦ ያስቀረዋል። በመሆኑም ቀይ የጎደለው ብርሃን፣ ወይም ቀይን የማያይ ፊልም፣ ጠይሙን ሰው ከመልኩ በላይ ያጠቁረዋል። የፎቶ ቤት መብራት ታሪክ በዚህ አካባቢ ሲታይ፣ ይህን ቀይ ብርሃን የማግኘትና የማጣት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

የመስኮቱ ዘመን

ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ሲደረግ የነበረው መብራት ፀሐይ ብቻ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ለብርሃን እጅግ ዘገምተኞች ስለነበሩ ተነሺው ለረዥም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። ከዚህም በላይ ሳህኖቹ የሚያዩት ሰማያዊውንና ወይን ጠጁን ብርሃን ነው፤ ለቀይ ዕውር ነበሩ። ስለዚህ ሰማዩ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ ከንፈርና ቡናማ ቆዳ ግን ከተፈጥሯቸው ይልቅ ጠቁረው ይወጡ ነበር። በ1851 የመጣው እርጥብ የመስታወት ሳህን፣ ከ1871 ጀምሮ የዳበረውም ደረቅ ሳህን ፍጥነቱን ከፍ አደረጉት እንጂ ይህን ጉድለት አላስወገዱትም።

በአውሮፓ የተጻፉ የፎቶ ቤት መመሪያዎች አንድ የጸና ምክር ነበራቸው፦ መስኮቱ ወይም የመስታወት ጣሪያው ወደ ሰሜን ይዙር። በለንደንና በፓሪስ ፀሐይ ዘወትር በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ከሰሜን የሚገባው ብርሃን ቀኑን ሙሉ ለስላሳና የማይለዋወጥ ነው። ይህ ምክር ወደ ምድር ወገብ ሲቀርብ ግን ይፈርሳል። በአዲስ አበባ ፀሐይዋ በዓመት ውስጥ ለአራት ወር ተኩል ገደማ በስተሰሜን በኩል ታልፋለች። ከምድር ወገብ በስተደቡብ በሚገኘው ዛንዚባር ደግሞ ሰሜናዊ ጉዞዋ ሰባት ወር ያህል ይቆያል። በመመሪያው መሠረት ወደ ሰሜን የተከፈተ መስኮት በእነዚህ ወራት የቀትር ፀሐይን አያስቀርም። መፍትሔውም የመስኮቱን አቅጣጫ መለወጥ ሳይሆን ብርሃኑን በነጭ ጨርቅ ማለዘብ፣ ወይም በረንዳ ጥላ ውስጥ ማንሳት ነበር። የብርሃን መመሪያ የተጻፈበትን አገር ይዞ እንደሚጓዝ ይህ የመጀመሪያው ምስክር ነው።

በዚህ ዘመን በአካባቢው ስማቸውን ካተረፉት መካከል በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በዛንዚባር ይሠራ የነበረው የጎዋ ተወላጅ ኤ. ሲ. ጎሜስ አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1905 የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ለመሆን በቃ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ ቀጠሉበት። በዚያን ጊዜ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ የማንሳት ሥራ ከባድ ፈተና ነበረው፤ ጠይም ፊት፣ ነጭ ሸማና በወርቅ ጥልፍ የደመቀ ካባ በአንድ ሳህን ላይ መዋል ነበረባቸው። ነጩን ያተረፈ ፊቱን ያጣል፤ ፊቱን ያተረፈ ነጩን ያቃጥላል። ለስላሳና ሰፊ ብርሃን ብቻ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል።

ከዱቄት እስከ አምፑል

ከፀሐይ ነፃ የመውጣት ጥረቱ ቀደም ብሎ ተጀምሯል። ፈረንሳዊው ናዳር በ1860ዎቹ መጀመሪያ የፓሪስን የምድር ውስጥ መካነ መቃብር በባትሪ በሚሠራ የኤሌክትሪክ ብርሃን አነሳ፤ ሰው ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየት ስለማይችል በሠራተኛ ፈንታ አሻንጉሊት አቁሞ ነበር። በ1865 ደግሞ የሥነ ፈለክ ሊቁ ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ ወደ ግብፅ ተጉዞ፣ የጊዛን ታላቅ ፒራሚድ ውስጠኛ ክፍል በሚነድ ማግኒዥየም ብርሃን ፎቶ አነሳ። በአፍሪካ ምድር ሰው ሠራሽ ብርሃን ለፎቶግራፍ ከዋለባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

በ1887 ጀርመኖቹ አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ ማግኒዥየምን ከሌሎች ኬሚካሎች ጋር ቀላቅለው በቅጽበት የሚነድ ዱቄት ሠሩ። ከዚህ በኋላ ማታ ፎቶ ማንሳት ተቻለ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ዱቄቱ ሲነድ ቤቱን በነጭ ጭስ ይሞላዋል፤ ተነሺው ይደነግጣል፤ መጋረጃ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም አንሺው ራሱ ይጎዳል። በኒውዮርክ የድሆችን መኖሪያ በዚህ ዱቄት ያነሳው ጄኮብ ሪስ በሥራ ላይ ሳለ ቤት በእሳት አያይዟል። በ1929 በጀርመን፣ በማግስቱም ዓመት በብሪታንያና በአሜሪካ የተሸጠው ብልጭታ አምፑል እሳቱን በመስታወት ውስጥ ስለዘጋው አደጋውንና ጭሱን አስቀረ። ያም ቢሆን እያንዳንዱ አምፑል አንድ ጊዜ ብቻ በርቶ የሚጣል በመሆኑ፣ ዕቃው በመርከብ ተጓጉዞ ለሚደርሳቸው ከተሞች ውድ ነበር።

ዱቄቱና አምፑሉ አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ ብርሃናቸው የሚወጣው ከአንዲት ትንሽ ነጥብ ነው። ይህ ለጠይምና ለጥቁር ፊት ትልቅ ጉዳይ ነው። ነጣ ያለ ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በአብዛኛው በጥላው ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ግን ቅርጹን አጉልቶ የሚያወጣው ከላዩ በሚንጸባረቀው ወዝ ነው። የብርሃኑ ምንጭ ትንሽ ሲሆን ወዙ ወደ ጥቂት የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ይጠባል፤ የቀረው ፊት ይጨልማል። ምንጩ ሰፊ ሲሆን ግን ወዙ በጉንጭ፣ በአፍንጫና በግንባር ላይ ተዘርግቶ ፊቱን ይቀርጸዋል። በረንዳ፣ መጋረጃ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ኋላም ጃንጥላና ሶፍትቦክስ የሚሠሩት ሥራ ይኸው አንድ ሥራ ነው፦ ትንሹን ብርሃን ማስፋት።

ጥቁርና ነጩ ለምን ተሳካ

በ1906 የእንግሊዙ ራተን ኤንድ ዌይንራይት ኩባንያ ቀይን ጨምሮ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ሳህን ለገበያ አቀረበ። ይህ ዓይነቱ ፊልም ቀስ በቀስ እየተስፋፋ ሄደ። በዚያው ዘመን የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ከተሞቹ እየገባ ስለነበረ ፎቶ ቤቶች መስኮታቸውን ዘግተው ክር ያለውን ትልቅ አምፑል አቆሙ። ሁለቱ ሲገናኙ ማንም ለዚህ አካባቢ ብሎ ያላቀደው መልካም ውጤት ተገኘ። የሚሞቀው የአምፑል ክር ብርሃኑ በቀይ የበለጸገ ነው፤ አዲሱ ፊልም ደግሞ ቀይን ያያል። ስለዚህ ቡናማው ቆዳ የሚመልሰው ቀይ ብርሃን በሙሉ በፊልሙ ላይ ተመዘገበ። ለስድሳ ዓመት ያህል ይጠቁር የነበረው ፊት በራሱ መጠን ደመቀ።

በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያሉት አያት የዚህ ዘመን ተነሺ ናቸው። በ1930 ራንቾድ ኦዛ በዛንዚባር የከፈተው ካፒታል አርት ስቱዲዮ፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሞምባሳ የሠራው የፓሬክ ፎቶ ቤት፣ በአዲስ አበባ የቦያጅያን ቤተሰብ ሥራም የዚህ ዘመን ናቸው። የዘመኑ ፎቶ ቤት ልማድ በዋናው መብራት ላይ ያተኮረ ነበር። እርሱ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎንና ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በሌላኛው ወገን ደከም ያለ አጋዥ መብራት ወይም ነጭ ሰሌዳ ይኖራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዳራውን ያበራል፤ ጥቁር ፀጉር በጥቁር ጨርቅ ላይ እንዳይጠፋ። መብራቱ ያለማቋረጥ የሚበራ በመሆኑም ፎቶ አንሺው ከማንሳቱ በፊት ጥላው የት እንዳረፈ በዓይኑ ያያል፤ «አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ» ይላል፤ ተነሺው ቀና ሲሉም ብርሃኑ ወደ ዓይናቸው ይገባል። ጊዜ ወስዶ ማየት የዚያ መሣሪያ ስጦታ ነበር።

ጉድለቶቹም አልጠፉም። መብራቱ ይሞቃል፤ ላብ ያመጣል፤ ሕፃናትን ያስለቅሳል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሲወርድም ዝም ብሎ አይወርድም። ለአምፑሉ የሚደርሰው ቮልቴጅ አሥር በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በሠላሳ በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ቀለሙም ይበልጥ ይቀላል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ መቅላቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ጊዜውን ጨመር ማድረግ ይበቃል። ቀለም ሲመጣ ግን ይኸው መቅላት ዕዳ ሆነ።

ቀለም ሲመጣ

ባለ ቀለም ፊልም እንደ ጥቁርና ነጩ ታጋሽ አይደለም። የብርሃንን ቀለም በኬልቪን የሚለኩት ባለሙያዎች የቀትርን ብርሃን በ5,500፣ የፎቶ ቤቱን አምፑል በ3,200 ይመድባሉ። ለቀትር የተዘጋጀ ፊልም በአምፑል ሥር ሲነሳ ምስሉ እንደ ብርቱካን ይቀላል። በመሆኑም ባለ ቀለም ፊልም በስፋት ሲገባ ፎቶ ቤቶች አምፑላቸውን በኤሌክትሮኒክ ብልጭታ መተካት ጀመሩ። ይህ መሣሪያ መሠረቱን ያገኘው በ1931 አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን በጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክን በቅጽበት በማፍሰስ ካካሄደው ምርምር ነው። ቆይቶም ብሮንከለር በ1958 እና ኤሊንክሮም በ1962 በስዊዘርላንድ፣ ፕሮፎቶ በ1968 በስዊድን የፎቶ ቤት ብልጭታ መሥራት ያዙ። ብርሃኑ ከቀትር ጋር ይስማማል፤ አይሞቅም፤ እንቅስቃሴንም ያቆማል።

ለፎቶ ቤቱ ይህ ትልቅ እድገት ነበር። ለሠርግ አንሺው ግን በአብዛኛው የደረሰው ከካሜራው አናት ላይ የሚሰካው ትንሹ ፍላሽ ነው። ትንሹ ፍላሽ ከሌንሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚያበራ ጥላን ያጠፋል፤ ጥላ ሲጠፋም የፊት ቅርጽ ይጠፋል። ምንጩ ነጥብ ስለሆነ ወዙን ወደሚያብለጨልጭ ነጥብ ይለውጠዋል። ርቀትም ያሸንፈዋል፤ ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ሜትር ላይ ያለችው ሙሽራ በሁለት ሜትር ላይ ካሉት አጃቢዎች አራት እጥፍ ብርሃን ታገኛለች። በዚህ ላይ ነጭ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ይጨመራሉ። የፍላሹ የብርሃን ዳሳሽ የሚለካው ከዕቃው ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ነው፤ ከነጩ ልብስ ብዙ ብርሃን ሲመለስለት «በቃ» ብሎ ይዘጋል፤ ፊቱ ግን ገና አልበቃውም። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው የሠርግ ፎቶ እንዲህ ባለ ሁኔታ የተነሳ ነው።

ችግሩ በማንሳቱ ብቻ አላበቃም፤ በማጠቢያውም ቀጠለ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ የሚሆን ናሙና ፎቶግራፍ ይልክ ነበር፤ በናሙናው ላይ ያለችው ነጭ ሴት በባለሙያዎቹ ዘንድ «ሸርሊ» ተባለች። የእርሷ ቆዳ በትክክል ከወጣ ቀለሙ ተስተካከለ ይባላል። ፊልሙም ሆነ ማተሚያው በዚህች አንዲት ቆዳ ሲመዘን፣ የጠይምና የጥቁር ፊት ዝርዝር ከሚዛኑ ውጭ ቀረ። ኋላ ላይ ኩባንያው የጥቁር ቡናማ ቀለማትን አቀራረብ እንዲያሻሽል ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩ ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት ጽፋለች። የቸኮሌት ቡኒነት አቤቱታ አቅራቢ ሲያገኝ የሰው ቡኒነት ተራ ጠብቋል። የተለያየ መልክ ያላቸውን ሴቶች አንድ ላይ የያዘ ናሙና የመጣው በ1990ዎቹ ነው።

ብርሃን ሆን ተብሎ ለጥቁር ፊት ሲጨመርም ዓላማው ሁልጊዜ በጎ አልነበረም። በ1960ዎቹ የወጣው የፖላሮይድ የመታወቂያ ካሜራ የብልጭታውን ኃይል ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ ነበረው። የኩባንያው ፎቶግራፍ በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ጥቁሮች እንዲይዙ ለተገደዱት የይለፍ መታወቂያ ይውል ስለነበረ፣ በ1970 ሠራተኞቹ ኬን ዊልያምስና ካሮላይን ሃንተር ተቃውሞ አነሱ፤ ፖላሮይድም በ1977 ከደቡብ አፍሪካ ገበያ ወጣ። ፊትን በግልጽ ማሳየት ክብር ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ቁጥጥርም ሊሆን ይችላል።

የብራናው ትምህርት

ቀይ ብርሃን ለቡናማ ፊት ይህን ያህል ከበጀ፣ ምርጫው ሁልጊዜ በቀይ የበለጸገ መብራት ነው ማለት ነውን? ከሰው ፊት ወደ ብራና ሲዞሩ መልሱ ይለወጣል። በ1973 በኢትዮጵያ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። የመጽሐፍ ገጽ ሲነሳ ሥርዓቱ ከፊት አነሳስ ጋር ይቃረናል። ሁለት እኩል መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቆማሉ፤ ወዝ እንዳይኖር፣ ጥላም እንዳይኖር። ፊትን የሚቀርጸው ወዝ ገጽን ያበላሻል።

በግዕዝ መጻሕፍት የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። ጥቁርና ነጭ ፊልም በአምፑል ብርሃን ሥር ቀይን ደማቅ አድርጎ ስለሚያይ፣ ጠይሙን ፊት ያደመቀው ያው ብርሃን ቀዩን ጽሕፈት ከብራናው ነጣ ካለው ገጽ ጋር ያቀራርበዋል። ጥቁሩ ቃል ይቆማል፤ ቀዩ ስም ይሳሳል። ስሙን ለማቆም ባለሙያው ቀይን የሚከለክል ማጣሪያ ወይም ቀይን የማያይ ፊልም መምረጥ አለበት፤ ማለትም ለፊት ጉድለት የነበረው ዕውርነት ለጽሕፈት ጥቅም ይሆናል። ሙቀትም ሌላ ጉዳይ ነው። ብራና ቆዳ ነው፤ በሚሞቅ መብራት ሥር ሲቆይ ይደርቃል፣ ይጠቀለላልም። በጎ መብራት የሚባል ለብቻው የለም፤ ለዚህ ነገር በጎ የሆነ መብራት እንጂ።

አዲሱ ብርሃንና አሮጌው ጥያቄ

በ1993 ጃፓናዊው ሹጂ ናካሙራ ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ኤል.ኢ.ዲ. ይፋ አደረገ፤ ለዚህ ግኝት በ2014 ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ዛሬ በየፎቶ ቤቱ ከሚገኙት ነጭ ኤል.ኢ.ዲ.ዎች አብዛኞቹ ሰማያዊ ብርሃንን በፎስፎር ልባስ አሳልፈው ነጭ የሚያስመስሉ ናቸው። ለአካባቢው ሁኔታ የሚስማሙ ጥቅሞች አሏቸው። ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈጁም፤ በባትሪ ይሠራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም፤ ብዙም አይሞቁም። እንደ ቀድሞው አምፑልም ያለማቋረጥ ስለሚበሩ አንሺው ጥላውን አስቀድሞ እንዲያይ ይፈቅዳሉ።

ይሁን እንጂ መነሻቸው ሰማያዊ የሆነው መብራቶች፣ ርካሽ ሲሆኑ፣ የሚጎድላቸው ያው ቀይ ነው። ገዢው ይህን በዓይኑ አያውቅም፤ ዓይን ነጭ ብሎ ይቀበለዋል። በካርቶኑ ላይ የሚታተመው ቁጥርም ሙሉውን አይናገርም። መብራት ቀለማትን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ የሚለካው «ሲ.አር.አይ.» የተባለው ቁጥር የስምንት ፈዘዝ ያሉ ናሙና ቀለማት አማካይ ነው፤ ደማቅ ቀይ ከስምንቱ ውስጥ የለም። እርሱ «አር 9» በሚል ለብቻው ይለካል። አንድ መብራት በአማካዩ ከ80 በላይ አግኝቶ በ«አር 9» ወደ ዜሮ ሊቀርብ ይችላል። በዚህ ዓይነት መብራት ሥር ቀይ ዳማው አመዳም ይሆናል፤ ጠይሙ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ በኮምፒውተርም ቢታረም ያልነበረ ቀይ ተመልሶ አይመጣም። በሸርሊ ዘመን ሚዛኑ አንዲት ቆዳ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ቀዩን የዘለለ አማካይ ነው። ስለሆነም ሙያውን የሚያከብር ሰው መብራት ሲገዛ አማካዩን ብቻ ሳይሆን «አር 9»ን ይጠይቃል፤ ከ90 በላይ ከሆነ ደግ ነው።

የብልጭታና የኤል.ኢ.ዲ. ምርጫም በፋሽን የሚወሰን አይደለም። ጎላ ያለ የቀን ብርሃንን መቋቋም ለሚፈልግ፣ የሚዘል ሕፃን ወይም እስክስታ የሚመታ ሰው ለሚያነሳ ብልጭታ ዛሬም ይመረጣል፤ በቅጽበት የሚያፈሰውን ኃይል ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ኤል.ኢ.ዲ. አይደርስበትም። ፎቶና ቪዲዮ በአንድ ላይ ለሚሠራ፣ አዛውንቶችን በእርጋታ ለሚያነሳ ደግሞ የማይቋረጠው ብርሃን ይበጃል። ሁለቱም ግን ባዶአቸውን አይበቁም። ውድ መብራት ያለ ማለዘቢያ ከቆመ በነጭ ጨርቅ የተጋረደ ርካሽ መብራት ይበልጠዋል። ብርሃንን ከፊት ላይ የሚመለሰውን ሳይሆን በፊት ላይ የሚያርፈውን የሚለካ የእጅ መለኪያ መያዝም ነጩ ልብስ እንዳያታልል ያደርጋል።

እነዚህን ጥያቄዎች ቀደምቶቹ ፎቶ አንሺዎች በሌላ ስም ያውቋቸው ነበር። የዛንዚባሩ አንሺ መመሪያው «ሰሜን» ሲለው ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምታልፍ ወጥቶ ማየት ነበረበት። የአዲስ አበባው አንሺ ካባውና ፊቱ በአንድ ሳህን ላይ እንዲታረቁ ብርሃኑን ማስፋት ነበረበት። የብራና አንሺው ቀዩ ስም እንዳይጠፋ መጠንቀቅ አለበት። ሁሉም የጀመሩት ከመሣሪያው ሳይሆን ከፊታቸው ከተቀመጠው ነገር ነው።

በዚያ ሳሎን ውስጥ፣ ከአያትየውና ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ፣ አንድ ሦስተኛ ምስል መሰቀሉ አይቀርም፤ ምናልባት የምርቃት ፎቶ ይሆናል። ጥቁር ካባ፣ ጠይም ፊት፣ ከላይ የተደረበ ነጭ ነጠላ ይኖርበታል። ቀይ የማይጎድለው ሰፊ መብራት ከጎን ቆሞ የተነሳ እንደሆነ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣው እንግዳ «የአያቷን ዓይን ወስዳለች» ይላል እንጂ «ይቺ ማን ናት?» ብሎ አይጠይቅም።